አንሪ-ኤድሞን ክሮስና የቀለም ነጥቦቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ክሮስ ማን ነው?

አንሪ-ኤድሞን ክሮስ የደቡብ ፈረንሳይን የባሕር ዳርቻ በቀለም ነጥብ እየሣለ ዕድሜውን የጨረሰ ሠዓሊ ነው። ሜይ 20 ቀን 1856 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በዱዌ ከተማ ተወለደ። ሜይ 16 ቀን 1910 በአገሪቱ ደቡብ ጫፍ፣ ሴን-ክሌር በምትባል የባሕር ዳር መንደር አረፈ። 54 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሊል ከተማ አካባቢ ተዛወረ። እጁ ለሥዕል እንደተፈጠረ ቀድሞ ያየለት ዶክተር ኦጉስት ስዋን የሚባል የአባቱ ዘመድ ነው። ልጁ ገና 10 ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ካሮሉስ-ዱራን ከተባለ ሠዓሊ ዘንድ እንዲማር ከኪሱ ከፍሎለታል። ክሮስ በኋላ ሊል ውስጥ በሥዕል ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1881 ደግሞ ፓሪስ ገባ። የዚያን ጊዜ ሥራዎቹን ያየ ሰው ኋላ የሚመጣውን ክሮስ በፍጹም አይጠረጥርም። ጨለም ያሉ፣ ቡናማ የበዛባቸው ሥዕሎች ናቸው።

ስሙ ዴላክሯ ነበር ይባላል። ለምን ቀየረው?

እውነት ነው፤ ሲወለድ የወጣለት ስም አንሪ-ኤድሞን-ዦዜፍ ዴላክሯ ነው። ችግሩ ይህ ስም በፈረንሳይ ሥዕል ውስጥ ባለቤት ነበረው። ታላቁ ኤዠን ዴላክሯ በ1863 ቢሞትም ዝናው አልሞተም። አንድ ጀማሪ ሸራው ላይ «ዴላክሯ» ብሎ ቢፈርም ሰው ከሥዕሉ ይልቅ ስሙን ነበር የሚያየው። ስለዚህ በ1881 ሥራውን ለሕዝብ ሲያቀርብ «አንሪ ክሮስ» ብሎ ፈረመ።

የስም አወጣጡን በጣም ነው የምወደው። ዴላክሯ በፈረንሳይኛ «ዘመስቀል» እንደማለት ነው። ክሮስ ደግሞ በእናቱ ቋንቋ በእንግሊዝኛ «መስቀል» ማለት ነው። የአባቱን ስም አልጣለውም፤ በእናቱ አፍ ጠራው እንጂ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንሪ ክሮ የሚባል ሌላ የጥበብ ሰው ስለነበረ እንደገና መምታታት መጣ። በ1886 መካከለኛውን ስም መልሶ «አንሪ-ኤድሞን ክሮስ» ሆነ፤ በዚሁ ጸና።

ኒዮ-ኢምፕሬሽኒዝም ምንድን ነው? ከኢምፕሬሽኒዝም በምን ይለያል?

እነ ሞኔ፣ ኢምፕሬሽኒስቶቹ፣ ውጭ ወጥተው ብርሃኑ ሳይሸሽ ቶሎ ቶሎ ይሥሉ ነበር። ዓይናቸውንና ስሜታቸውን ተማምነው ነው። በ1886 በመጨረሻው የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽን ላይ ዦርዥ ሱራ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ሌላ ነገር ይዞ ቀረበ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ በሆነ ሸራ ላይ በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ፣ የእሑድ ከሰዓት የወንዝ ዳር መናፈሻ ነው። ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ሃያሲው ፌሊክስ ፌኔዮን ለዚህ አሣሣል በዚያው ዓመት «ኒዮ-ኢምፕሬሽኒዝም» የሚል ስም አወጣለት። አዲሱ ኢምፕሬሽኒዝም ማለት ነው።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ቀለም አትቀይጥ። ንጹሑን ቀለም ከንጹሕ ቀለም ጎን አስቀምጥ፤ የቀረውን ዓይን ይሥራው። ከጀርባው ደግሞ የኬሚስቱ ሚሼል ኤዠን ሸቭረል ጥናት አለ። ሸቭረል በፓሪሱ የጎብላን የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ቤት የቀለም ማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር አልጠቆረም፣ ደብዝዟል የሚል አቤቱታ መጣበት። ቢመረምር ማቅለሚያው ምንም እንከን የለበትም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነው። አንድ ቀለም በጎረቤቱ ምክንያት መልኩ እንደሚለወጥ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ሱራና ጓደኞቹ የተማሩት ከዚህ ነው።

እኛ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የነጠላን ጥበብ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እዩት። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ክር እያንዳንዱ ለየብቻው ይታያል። ያንኑ ነጠላ የለበሰች ሴት መንገድ ማዶ ስትሄድ እዩት ደግሞ። ክሩ ጠፍቶ አንድ የሚያበራ ጥለት ብቻ ይቀራል።

ፖይንቲሊዝም የሚባለው ይኸው ነው?

ሰው በብዛት የሚጠራው እንደዚያ፣ ማለትም «ነጥብ መንጠብ» ብሎ ነው፤ ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ግን ስሙን አይወዱትም ነበር። የክሮስ የቅርብ ጓደኛ ፖል ሲኛክ በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ኒዮ-ኢምፕሬሽኒስት ነጥብ አይነጥብም፣ ይከፍላል እንጂ ብሏል። ይከፍላል ሲል ቀለሙን ነው። የዛፉን ጥላ አንድ ድፍን ቀለም ከመቀባት ይልቅ ውስጡ ያለውን ሰማያዊ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ለያይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ዲቪዥኒዝም»፣ ማለትም ክፍፍል፣ የሚለውን ስም መረጡ።

ይህን የማነሳው ለክሮስ ወሳኝ ስለሆነ ነው። ዋናው ነገር ነጥብ ቢሆን ኖሮ ክሮስ ነጥቡን በተወበት ቀን ከመንገዱ በወጣ ነበር። እሱ ግን ነጥቡን ትቶ ክፍፍሉን ይዞ ነው የቀጠለው።

ሱራን እያወቀ ወደዚህ ስልት የገባው ለምን ዘግይቶ ነው?

ክሮስ በ1884 የነጻ አርቲስቶች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ማኅበሩ ዳኛ የሌለው፣ ማንም ሠዓሊ ሥራውን የሚያሳይበት ዐውደ ርዕይ ያዘጋጅ ነበር። ሱራም ሲኛክም እዚያ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ክሮስ የእነሱን ስልት ለመያዝ ሰባት ዓመት ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት ከቡናማው ቀስ በቀስ ወጥቶ ሥዕሉን ወደ ኢምፕሬሽኒስቶቹ ብርሃን እያስጠጋ ነበር። ቸኩሎ ፋሽን የሚከተል ሰው አልነበረም።

በ1891 ግን ዘሎ ገባበት። ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ያለው የአንዲት ሴት ምስል በአዲሱ ስልት ሣለ። ሴትዮዋ ኢርማ ክላር ናት፤ ያኔ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች። በ1893 ከክሮስ ጋር ተጋቡ። ሥዕሉ ለሕዝብ የቀረበው ሱራ በ31 ዓመቱ በድንገት በሞተበት በዚያው የጸደይ ወቅት ነው። የስልቱ አባት ሲቀበር ክሮስ ገና መጀመሩ ነበር።

ፓሪስን ትቶ ለምን ወደ ደቡብ ሄደ?

አንደኛው ምክንያት ቁርጥማት ነው። የሰሜኑ ብርድና እርጥበት መገጣጠሚያውን ይፈጀው ነበር። በ1883 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ሄዶ ሙቀቱንና ብርሃኑን ቀምሷል። በ1891 ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ። መጀመሪያ ካባሶን በምትባል መንደር ተቀመጠ፤ ወዲያው ሌ ላቫንዱ አጠገብ ሴን-ክሌር ላይ ቤት ሠራ። ከጥቂት ጉዞዎች በቀር ቀሪ ዕድሜውን ያሳለፈው እዚያው ነው። ሲኛክም በ1892 በጀልባው ሴን-ትሮፔ ደርሶ ልቡ እዚያው ቀረ። ሁለቱ በአንድ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ፣ የሚጠያየቁና የሚጻጻፉ ጎረቤቶች ሆኑ።

ከየትኛው ሥዕሉ ልጀምር?

ከ«ወርቃማ ደሴቶች»። ምንም አላመነታም። በ1891 እና 1892 የሣለው ነው፤ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ትልቅ እንዳይመስላችሁ። 60 ሳንቲ ሜትር በ55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፣ ከአንድ የግድግዳ መስታወት አትበልጥም። ርዕሱ ከዳርቻው ትይዩ ያሉት የየር ደሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው።

ሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም። ጀልባ የለም። ዛፍ የለም። ታች አሸዋ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ የደሴቶቹ ቀጭን መስመር፣ ከላይ ሰማይ። በቃ። አሁን ነጥቦቹን ተከተሉ። እግራችሁ ሥር ካለው አሸዋ ላይ ነጥቦቹ ሰፋ ሰፋ ያሉና የተራራቁ ናቸው። ወደ ባሕሩ ስትገቡ እያነሱ ይሄዳሉ። አድማሱ ጋ ሲደርሱ በጣም ደቀው ይጠጋጋሉ። ርቀቱን የሠራው መንገድ ወይም የዛፍ ረድፍ አይደለም፤ የነጥቡ መጠን ነው። መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው፤ ባዶ መስሎኝ አለፍኩት። በትልቅ ስክሪን ከፍቼ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልኩ ሳይ ነው ሙቀቱ የተሰማኝ። ቀትር ላይ ባሕር ዳር ቆሞ ዓይኑን ያጨነቆረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነገሮች ሁሉ ቅርጻቸውን ለብርሃኑ ይለቃሉ።

ከዚያ ወደ «የምሽት አየር» እለፉ፤ በ1893 እና 1894 ገደማ የተሠራ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕር ዳር ዛፎች ሥር ያረፉ ሴቶች ናቸው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም ሸራ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ክሮስ በሁለት ዓመት ውስጥ የት እንደደረሰ ይታያል።

ነጥቦቹ ከጊዜ በኋላ ለምን ተለቁ?

ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክሮስም ሲኛክም ጥቃቅኑን ነጥብ እየተዉ መጡ። በምትኩ ሰፋ ያለ፣ ጡብ የመሰለ አራት ማዕዘን የብሩሽ አሻራ ያዙ። ሞዛይክ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በአሻራዎቹ መሃል ያልተቀባ ሸራ ይተዋሉ፤ ያ ነጭ ክፍተት ቀለሙን ያስተነፍሰዋል።

ለውጡ የእጅ ብቻ አልነበረም። ደቃቅ ነጥብ ሲበዛ ቀለሞቹ ከሩቅ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ፤ ጉልበታቸው ይሞታል። አሻራው ሲሰፋ ግን እያንዳንዱ ቀለም ከሩቅም ራሱን ይችላል። ብርቱካናማው ብርቱካናማ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፤ ጎን ለጎን ሆነው እርስ በርስ ይፋፋማሉ። ለሁለቱ ሠዓሊዎች የቀለሞቹ ስምምነት ከአንድ የተወሰነ ቦታ ትክክለኛ መልክ በልጦባቸው ነበር። እኔ እስከገባኝ ድረስ የክሮስ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከሱራ የወሰደውን የሳይንስ መሣሪያ ለደስታ አዋለው።

እዚያው ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ ነው የሚሥለው?

የዘይት ቀለም ሥራዎቹን አይደለም። አስቡት፤ በሺህ የሚቆጠር አሻራ አንድ በአንድ እስኪቀመጥ ፀሐይዋ መቼ ትጠብቃለች? ትልልቆቹ ሸራዎች ቤት ውስጥ፣ ሳምንታት እየወሰዱ የተሠሩ ናቸው። ውጭ የሚይዘው የውሃ ቀለምና ደብተር ነበር።

የውሃ ቀለም ሥራዎቹ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ነው፤ እጁ ይፈጥናል። ሁለት ሦስት የሰማያዊ ሰረዝ ባሕር ትሆናለች፣ አንድ የቀይ ጠብታ ጣሪያ ይሆናል፣ ነጩ ወረቀት ራሱ ብርሃን ነው። ዘይቱ ላይ ለወራት የሚያሰላው ሰው እዚህ በደቂቃ ይጨርሳል። ሰዎች ክሮስን «ቀዝቃዛ ሒሳበኛ» ሲሉት እነዚህን አላዩም እላለሁ።

ማቲስ ከክሮስ ተማረ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1904 በጋ ሠዓሊው ሄንሪ ማቲስ ሴን-ትሮፔ ወርዶ በሲኛክ ጎረቤትነት ከረመ። «የምሽት አየር» የተሰቀለው ሲኛክ ቤት ነበር፤ ክሮስ ራሱ ነው የሰጠው። ማቲስ እሱን ሥዕል እዚያ አየ፤ ክሮስንም አገኘው። ከዚያ በጋ በኋላ የሣለው «ቅንጦት፣ እርጋታና ተድላ» የተሰኘው ሥዕል ባሕር ዳር ያረፉ ሴቶችን በተለያዩ የቀለም አሻራዎች ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምንጩን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። በ1905 ለዐውደ ርዕይ ሲቀርብ ሲኛክ ገዛው።

በዚያው ዓመት መኸር ማቲስና ጓደኞቹ በደማቅ ቀለማቸው ምክንያት «ፎቭ»፣ ማለትም አራዊት፣ የሚል ስም ወጣላቸው። ከዚያ የቀለም ነጻነት ጀርባ ቁርጥማት የያዘው የሴን-ክሌሩ ሰው አለ። የእሱ ስም ሲዘለል ይቆጨኛል።

አናርኪስት ነበር የሚባለውስ?

ነበር፤ እንደ ሲኛክና እንደ ሌሎቹ የቡድኑ አባላት። አናርኪስት ማለት ሰዎች ያለ መንግሥትና ያለ ገዥ በስምምነት መኖር ይችላሉ ብሎ የሚያምን ነው። ለዣን ግራቭ የአናርኪስት ጋዜጣ ሥዕል አበርክቷል። ግን ቦምብና ሁከት አይደለም የእሱ ነገር። ለሲኛክ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለዚህ ሐሳብ የሚሣሉ ሥዕሎች ሁሉ አመፅን ወይም መከራን ብቻ የሚያሳዩት ለምንድን ነው የሚል ቅሬታ አንሥቷል። በእሱ ፋንታ የሚናፈቀውን ዘመን እንሣል አለ፤ ሰዎች በስምምነት ሲሠሩ፣ ሲጫወቱ፣ ሲያርፉ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ «የምሽት አየር»ን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ለሽርሽር የወጡ ባለጸጎች አይደሉም። ክሮስ ይመጣል ብሎ ያመነው ዓለም ነዋሪዎች ናቸው።

ሕመሙ ሥዕሉ ላይ ምን አደረገ?

ቁርጥማቱ ከወጣትነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም። እየቆየ ዓይኑንም ታመመ። ሳይሠራ የሚያሳልፋቸው ረጅም ጊዜያት ነበሩ። ሲሻለው ደግሞ እንደገና ይነሣል። በ1903 ቬኒስ ሄደ፤ በ1908 ቱስካኒንና ኡምብሪያን ዞረ። በ1909 ፓሪስ ውስጥ በካንሰር ታከመ፤ በ1910 መጀመሪያ ወደ ሴን-ክሌር ተመለሰ፤ በሜይ አረፈ። መቃብሩ ሌ ላቫንዱ ነው። ጓደኛው ሠዓሊ ቴዎ ቫን ሪስልበርግ የሠራለት የነሐስ ምስል አለበት።

አሻራው የሰፋው ጣቱ ስለታመመ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሲኛክ ጤነኛ ነበር፤ በጀልባው እየዞረ ወደቦችን የሚያስስ ሰው። የእሱም አሻራ በዚያው ጊዜ ሰፍቷል። ሕመሙ የቀማው ጊዜውን ነው። ከዚያ በተረፈ እጁ እየቆረጠመውም ሸራው ላይ ማዘኑን የሚያሳይ አንድ ጥግ አታገኙም። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ፣ ለምሳሌ የ1907ቱ «ከሰዓት በፓርዲጎን» እና የ1908ቱ «የካኝ ጥዶች»፣ ከሁሉም ይልቅ ደማቆች ናቸው።

ታዲያ ለምን እንደ ሱራና ሲኛክ ስሙ አልገነነም?

ብዙ አልሣለም። ስልቱ ጊዜ ይበላል፣ ሕመሙ ደግሞ የቀረውን ወሰደ። ለብቻው ያቀረበው የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን በ1905 ፓሪስ ድሩዌ ጋለሪ ነው፤ ያኔ 49 ዓመት ገደማው ነበር። 30 የዘይትና 30 የውሃ ቀለም ሥራዎች አሳየ፤ አብዛኞቹ ተሸጡ። ከዚያ በኋላ የኖረው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ሱራ ፈር ቀዳጅ በመሆኑ፣ ሲኛክ ደግሞ እስከ 1935 ኖሮ መጽሐፍ በመጻፉና ማኅበሩን በመምራቱ ይታወሳሉ። ክሮስ ከፓሪስ ርቆ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ነበር።

ሥዕሎቹን በአካል የት ማየት ይቻላል?

ዋናው ቦታ የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ነው። «ወርቃማ ደሴቶች»፣ «የምሽት አየር» እና «የካኝ ጥዶች» ሁሉም የእሱ ስብስብ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደበት ዱዌ ከተማ ያለው የሻርትሩዝ ሙዚየምና የሴን-ትሮፔው አኖንሲያድ ሙዚየምም ሥራዎቹ አሏቸው።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ መልካም ዜና አለ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ከ1891 እና 1892 የሣለው አንድ የአንቲብ ባሕር ዳርቻ ሥዕል አለው፤ ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም። ክሊቭላንድ ያለውም ሙዚየም «ሮዝ ደመና» የተባለውን ይዟል፤ እሱም በነጻ ይገባል። ሙዚየሞች ሥዕል እያፈራረቁ ስለሚሰቅሉ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ስትደርሱ አንድ ቦታ አትቁሙ። አስጠግታችሁ እዩ፣ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ተመለሱ። ሥዕሉ የሚሠራው እናንተ ስትንቀሳቀሱ ነው።

እቤቴ ልሞክረው ብል ከየት ልጀምር?

ከአንድ ብርቱካን። ነጭ ወረቀት፣ ፓስቴል ወይም ደማቅ እርሳስ ቀለም በቂ ነው። ቡናማና ጥቁር ከሳጥኑ አውጡና አስቀምጡ፤ አትነኳቸውም። ብርቱካኑን ፀሐይ ከመስኮት የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ብርሃን ያረፈበት ጎን ላይ ቢጫና ብርቱካናማ አጫጭር ሰረዞች አድርጉ። ጥላው ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ግራጫ ይፈልጋል። አትስጡት። ጥላውን በሰማያዊና በሐምራዊ ሰረዝ ሥሩት፣ ሁለት ሦስት ብርቱካናማም ጣል አድርጉበት። በሰረዞቹ መሃል ነጭ ወረቀት ተዉ። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከክፍሉ ማዶ እዩት።

የእኔ የመጀመሪያው የኩፍኝ በሽተኛ ነበር የሚመስለው፤ ሰረዞቹን አለአቅጣጫ ስለበተንኳቸው ነው። የክሮስ አሻራ አቅጣጫ አለው። የዛፉ ግንድ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃው ላይ ይተኛል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሁለተኛው ብርቱካን ክብ ሆኖ ወጣልኝ።

እውነት ግን ቀለሞቹ ዓይን ውስጥ ይቀላቀላሉ?

በከፊል። መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ሰማያዊና ቢጫ ነጥብ ከሩቅ አረንጓዴ ይሆናል» ይላሉ። ሞክሩት፤ አይሆንም። ሁለቱን ቀለም ሳህን ላይ ብትቀይጡ አረንጓዴ ይወጣል። ነጥብ አድርጋችሁ ከሩቅ ስታዩት ግን የሚታየው ወደ ግራጫ የሚያደላ ነገር ነው። ቅይጥ ቀለም ብርሃን ይውጣል፤ ከሁለት ነጥብ የሚመጣ ብርሃን ደግሞ ዓይን ውስጥ አማካዩን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ክሮስ ቅጠል ሲሥል አረንጓዴ ቀለም ይጠቀማል፤ ቢጫውንና ሰማያዊውን የሚጨምረው አረንጓዴውን ለማንቃት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ እንዲቀላቀል አሻራው በጣም ማነስ ወይም እናንተ በጣም መራቅ አለባችሁ። የክሮስ የኋላ ሥራዎች ከክፍሉ ጫፍ ሲታዩም አሻራቸው አይጠፋም። ዓይን ሊያዋህዳቸው ይሞክራል፣ አልሆን ይለዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያብረቀርቅ የሚመስለው በዚያ ሙከራ መሃል ነው።

ባሕሩ ሐምራዊ፣ ዛፉ ብርቱካናማ ነው። ያየውን ነው የሣለው ወይስ ያሰበውን?

ሁለቱንም፤ ግን በቅደም ተከተል። ደቡብ እንደወረደ ያየውን ነበር የሚከተለው፤ «ወርቃማ ደሴቶች» ምናባዊ ቦታ አይደለም። ጀምበር ስትጠልቅ የጥድ ግንድ በእርግጥም ብርቱካናማ ይሆናል። ቀትር ላይ ነጭ አሸዋ ላይ የወደቀ ጥላም ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው። የማያምን ሰው ፀሐያማ ቀን ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ዘርግቶ የእጁን ጥላ ይይበት።

ከዚያ በኋላ ግን ድፍረቱ ጨመረ። ከተፈጥሮ ማስታወሻ ይይዛል፤ ቤት ገብቶ አንዱን ቀለም ካስቀመጠ በኋላ ቀጣዩን የሚመርጠው ትዝታው ብቻ አይደለም፣ የመጀመሪያው ቀለም ራሱ የሚጠራውን ይሰማል። ብርቱካናማ ግንድ ከጎኑ ሰማያዊ ይጠራል። ሰማያዊው ጥላ ይሆናል። ጥላው ደግሞ ሣሩ ላይ ሮዝ ይጠራል። እንዲህ እየተጠራራ ሲያልቅ ቦታው ሴን-ክሌር መሆኑ ይታወቃል፤ ኮረብታው አለ፣ ጥዱ አለ፣ ባሕሩ አለ። ብርሃኑ ግን ከአንድ ቀን የበለጠ ነው። እኔ ይህን ውሸት ብዬ አልጠራውም። እዚያ ዳርቻ ላይ 19 ዓመት ገደማ የኖረ ሰው አንድ ዛፍ ሲሥል ያየው የአንድ ማለዳ ዛፍ ሳይሆን ሲያየው የኖረውን ዛፍ ነው።